የቼይንሶ ካርቡሬተር ችግሮችን መለየትና ማስተካከል
ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

በማሳዎ ዳርና በተዳፋት መሬትዎ ላይ ያለሙት ባሕር ዛፍና ዲከረንስ ዛሬ ከሰብል ጎን ለጎን የቤተሰብዎ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ዛፉ ሲደርስ በመጥረቢያ ብዙ ቀን የሚፈጀውን ሥራ ቼይንሶ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ጥሩ ጉልበት ያለውና የተሳለ ቼይንሶ ጉቶውን አስተካክሎ ስለሚቆርጥ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍም ጤናማ ይሆናል። ጉልበት ያጣ ማሽን ግን ልጡን እየቦጨቀና ጉቶውን እየሰነጠቀ ለቀጣዩ ምርትም ጉዳት ያስከትላል።

ቼይንሶ «ጉልበት አጣ» ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው። ካርቡሬተሩን ትንሽ ወደ ቀኝ ሲያጠብቀው ሞተሩ ከበፊቱ ጮኾ ይነሳል፤ ሰውየውም «ተስተካከለ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ግን ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክስና ማሽኑ ከነአካቴው ይቆማል። ፒስተንና ሲሊንደር መቀየር ደግሞ ከፍተኛ ወጪ ነው። ስለዚህ የዚህ ሥልጠና ዋና መልእክት «ማሽኑ የጮኸ ሁሉ ጉልበት አላገኘም» የሚል ነው።

ይህን ጽሑፍ ካነበቡና በተግባር ከሞከሩ በኋላ፦
• የጉልበት ማነስ ከካርቡሬተር የመጣ መሆን አለመሆኑን ይለያሉ፤
• ሦስቱን የካርቡሬተር ማስተካከያ ብሎኖች በትክክለኛው ቅደም ተከተል ያስተካክላሉ፤
• ማሽንዎን ከደጋ ወደ ቆላ ሲወስዱ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ያውቃሉ።

2. ካርቡሬተር ምን ይሠራል?

ካርቡሬተር ቤንዚንና አየርን በመጠን ደባልቆ ለሞተሩ የሚመግብ ክፍል ነው። እንደ ወጥ ያስቡት፤ ውኃው ከበዛ ይቀጥናል፣ ካነሰም ያርራል። በሞተርም ቤንዚኑ ከበዛ ጭስ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይታፈናል። ቤንዚኑ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ በጣም ይግላል።

ቼይንሶ ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ እንደ መኪና የተለየ የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያ የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባው ነው። ስለዚህ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ሲቀንስ ዘይትም አብሮ ይቀንሳል። ፒስተን የሚነክሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአንድ በኩል ሙቀቱ ይጨምራል፣ በሌላ በኩል ማለስለሻው ያንሳል።

አብዛኛው ቼይንሶ በካርቡሬተሩ ላይ ሦስት ብሎኖች አሉት። በአጠገባቸውም በእንግሊዝኛ ፊደል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ሀ) «ኤል» የሚል ምልክት ያለው፦ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራና ቤንዚን መስጫው መጫን ሲጀምር የሚገባውን የቤንዚን መጠን ይወስናል።

ለ) «ኤች» የሚል ምልክት ያለው፦ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተጭኖ ዛፍ በሚቆረጥበት ጊዜ የሚገባውን የቤንዚን መጠን ይወስናል። ፒስተን የሚያድነውም የሚያጠፋውም ይህ ብሎን ነው።

ሐ) «ኤልኤ» ወይም «ቲ» የሚል ምልክት ያለው፦ የሚኒሞን ፍጥነት ብቻ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የቤንዚንን ድብልቅ አይለውጥም።

«ኤል» እና «ኤች» ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይዘጋሉ፤ ቤንዚን ይቀንሳሉ። ወደ ግራ ሲዞሩ ይከፈታሉ፤ ቤንዚን ይጨምራሉ። «ኤልኤ» ወደ ቀኝ ሲዞር የሚኒሞ ፍጥነት ይጨምራል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል።

ማሳሰቢያ፦ አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ድብልቁን በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ እነዚህ ብሎኖች የሏቸውም። ሌሎች ደግሞ ብሎኑ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይዞር የፕላስቲክ ክዳን አላቸው። ክዳኑን ሰብረው አያውጡ። የማሽንዎ መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን ያስቀድሙ።

3. ካርቡሬተሩን ከመንካትዎ በፊት

ካርቡሬተር በራሱ ጊዜ ቦታውን የሚቀይረው ከስንት አንዴ ነው። ትናንት በደንብ ሲቆርጥ የነበረ ማሽን ዛሬ ከደከመ መጀመሪያ የሚከተሉትን በተራ ይፈትሹ። ቢያንስ አንዱ ጋ መልሱን የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው።

3.1 ሰንሰለቱ። የሚወጣውን ብናኝ ይመልከቱ። የተሳለ ሰንሰለት ፍቅፋቂ ያወጣል፤ የደነዘዘ ሰንሰለት እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያወጣል። ማሽኑን ተጭነው የሚቆርጡ ከሆነ ችግሩ የሞተሩ ሳይሆን የሞረዱ ነው። የሰንሰለቱ ብሬክ አለመያዙን፣ ሰንሰለቱም ከመጠን በላይ አለመወጠሩን ይመልከቱ።

3.2 ነዳጁ። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድብልቅ፣ ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ጉልበት አይሰጥም። በጠርሙስ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ቤንዚንም አያስተማምንም። ጥርጣሬ ካለዎት ጋኑን አራግፈው አዲስ ድብልቅ ይሙሉ።

3.3 የዘይቱ መጠን። መመሪያ መጽሐፉ 1 ለ50 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ያስፈልጋል። 1 ለ25 ከሆነ ለ1 ሊትር 40፣ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ነው። በቆርቆሮ ክዳንና በግምት አይለኩ፤ መጠን የተጻፈበት አዲስ ሲሪንጅ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይጠቀሙ። «ለጥንቃቄ» ብሎ ዘይት ማብዛትም አይጠቅምም፤ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ካርቡሬተሩ የሚያሳልፈው ቤንዚን ያንሳል፣ ጥላሸትም ይበዛል።

3.4 የአየር ማጣሪያው። በብናኝ የተደፈነ ማጣሪያ አየር ስለሚከለክል ቤንዚን የበዛ ያስመስላል። ማጣሪያውን ከመፍታትዎ በፊት ቾኩን ይዝጉ፤ ቆሻሻ ወደ ካርቡሬተሩ እንዳይገባ ይከላከላል። ማጣሪያውን አራግፈው እንደ ዓይነቱ በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁት። ማጣሪያው ቆሽሾ ሳለ ካርቡሬተሩን ካስተካከሉ፣ ማጣሪያው በተጸዳ ዕለት ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል። ይህን ስሕተት ብዙ ሰው ይሠራል።

3.5 የነዳጅ ማጣሪያውና የጋኑ መተንፈሻ። በጋኑ ውስጥ በጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ በቀጭን ሽቦ መንጠቆ ስበው ያውጡ፤ ከጠቆረች ወይም ከደነደነች ይቀይሯት። ሞተሩ ትንሽ ሠርቶ ጉልበት እያጣ የሚጠፋ ከሆነ ማሽኑን አጥፍተው ከቀዘቀዘ በኋላ የጋኑን ክዳን ቀስ ብለው ላላ ያድርጉ። አየር «ፍስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ክዳኑን መልሰው ሲያስነሱት ሞተሩ እንደገና ለጥቂት ጊዜ በደንብ ከሠራ፣ የጋኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው።

3.6 ካንዴላው። ከሥራ በኋላ ፈትተው ቀለሙን ያንብቡ። ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ጥሩ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፤ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል። የነጣና የተቃጠለ ከመሰለ ቤንዚን አንሷል። በአብዛኛው ቼይንሶ የካንዴላው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

3.7 ማርሚታው። የጭስ መውጫው ላይ ያለችው የብልጭታ ወንፊት በጥላሸት ከተደፈነች ሞተሩ መተንፈስ አይችልም። ፈትተው በሽቦ ብሩሽ ያጽዷት።

3.8 ኮምፕረሽኑ። ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶ የማስነሻ ገመዱን ቀስ ብለው ይሳቡ። ግልጽ የሆነ ተቃውሞ ሊሰማዎት ይገባል። ገመዱ ያለ ምንም ተቃውሞ ከመጣ ፒስተኑ፣ የፒስተን ቀለበቱ ወይም ሲሊንደሩ ተጎድቷል፤ የካርቡሬተር ማስተካከያ አያድነውም።

4. ምልክቱን አይቶ ችግሩን መለየት

ከላይ ያሉት ሁሉ ተፈትሸው ችግሩ ካልተፈታ ማሽኑን ያዳምጡት።

• ምልክት፦ በሚኒሞ ይሠራል፤ ቤንዚን ሲሰጡት ግን «እ…እ» ብሎ ይጠፋል። ምክንያት፦ በ«ኤል» በኩል ቤንዚን አንሷል። መፍትሔ፦ «ኤል»ን በ1/8 ዙር ወደ ግራ ይክፈቱ።

• ምልክት፦ ሚኒሞ ላይ እየተንገዳገደ ይሠራል፣ ጭስ ይበዛዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ታፍኖ ይጠፋል። ምክንያት፦ በ«ኤል» በኩል ቤንዚን በዝቷል። መፍትሔ፦ በ1/8 ዙር ወደ ቀኝ ይዝጉ።

• ምልክት፦ ቤንዚን መስጫውን ለቀውት ሰንሰለቱ መዞሩን አያቆምም። ምክንያት፦ ሚኒሞው ከፍ ብሏል። መፍትሔ፦ «ኤልኤ»ን ወደ ግራ ይቀንሱ። አሁንም ካልቆመ የፍሪሲዮኑ ስፕሪንግ ላልቶ ወይም ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ያሳዩ።

• ምልክት፦ ግንድ እየቆረጠ ሳለ ይንተከተካል፣ ያጨሳል፣ ፍጥነት አያነሳም። ምክንያት፦ በ«ኤች» በኩል ቤንዚን በዝቷል። መፍትሔ፦ በ1/8 ዙር ወደ ቀኝ ይዝጉና እንደገና ቆርጠው ይሞክሩ።

• ምልክት፦ በባዶው ሲጮኽ ድምፁ የሰላና የቀጠነ ነው፤ ጭስ የለውም፤ እየጋለ ሲሄድ ጉልበቱ ይወርዳል። ምክንያት፦ በ«ኤች» በኩል ቤንዚን አንሷል። መፍትሔ፦ ወዲያውኑ ያጥፉ። ካቀዘቀዙት በኋላ «ኤች»ን በ1/4 ዙር ወደ ግራ ከፍተው በክፍል 5 መሠረት እንደገና ያስተካክሉ።

• ምልክት፦ ቤንዚን መስጫውን ሲለቁት ፍጥነቱ ቶሎ አይወርድም፤ ወይም ሚኒሞው ሳይነካ ከፍ ዝቅ ይላል። ምክንያት፦ በተሰነጠቀ ጎማ፣ በተበላ ጓርኒሲዮን ወይም በላላ ብሎን በኩል ትርፍ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። መፍትሔ፦ መጀመሪያ አየር የሚያስገባውን ቦታ ፈልገው ያስጠግኑ። ትርፍ አየር እየገባ ካርቡሬተር አይስተካከልም።

5. የማስተካከያ ቅደም ተከተል

5.1 ዝግጅት

ሥራውን ሜዳ ላይ፣ ደረቅ ሣርና ገለባ በሌለበት ያካሂዱ። ልጆችንና እንስሳትን ያርቁ። ነዳጅ ከሞሉበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቀው ያስነሱ። የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ያድርጉ። ባሩና ሰንሰለቱ ተገጥመው፣ ሰንሰለቱ ተስሎና ተወጥሮ፣ የአየር ማጣሪያው ጸድቶ፣ ጋኑ ቢያንስ እስከ ግማሽ ተሞልቶ መሆን አለበት። ማሽኑን የተስተካከለ መሬት ላይ አስቀምጠው ይያዙት፤ የባሩ ጫፍ መሬትም ሆነ ሰው እንዳይነካ ያድርጉ። ብሎን በሚያዞሩበት ጊዜ እጅዎ ወደ ሰንሰለቱ እንዳይጠጋ፣ ከተቻለ አንድ ሰው ማሽኑን ይያዝልዎ።

5.2 የነበረበትን መመዝገብ

ሞተሩ ጠፍቶ «ኤል»ን ወደ ቀኝ ቀስ ብለው እስኪቆም ያዙሩ፤ ስንት ዙር እንደሄደ ይቁጠሩና ይጻፉ። «ኤች»ንም እንዲሁ። የተጻፈው ቁጥር መመለሻ መንገድዎ ነው። ብሎኑ ሲቆም አያስጨንቁት፤ ጫፉ ሹል ስለሆነ ሲጠብቅ መቀመጫው ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ በትክክል አይስተካከልም።

5.3 መነሻ

መመሪያ መጽሐፉ የሚለውን መነሻ ይጠቀሙ። መጽሐፉ ከሌለዎት፣ በብዙ ማሽኖች ሁለቱንም ብሎኖች ከዝግ ወደ ግራ 1 ዙር መክፈት ሞተሩን ለማስነሳት ያህል ይበቃል። ይህ መነሻ ብቻ ነው፤ የመጨረሻ ማስተካከያ አይደለም። ሞተሩን አስነስተው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያሙቁት። በቀዘቀዘ ሞተር የተስተካከለ ካርቡሬተር ሞተሩ ሲግል ይበላሻል።

5.4 «ኤል»ን ማስተካከል

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ «ኤል»ን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ፍጥነቱ መውረድ ሲጀምር ይቁሙ። ከዚያ ወደ ግራ ያዙሩ፤ ፍጥነቱ ይጨምርና እንደገና መውረድ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ሞተሩ በጣም የፈጠነበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ከዚያም ከ1/8 እስከ 1/4 ዙር ወደ ግራ ይጨምሩ። ቤንዚን መስጫውን በድንገት ይጫኑ፤ ሳይንገዳገድ መነሳት አለበት።

5.5 «ኤልኤ»ን ማስተካከል

ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ሰንሰለቱም ሳይዞር የሚቆምበትን ቦታ ያግኙ። በሚኒሞ ሰንሰለት የሚዞርበት ማሽን አደገኛ ስለሆነ በጭራሽ ለሥራ አይውሰዱት።

5.6 «ኤች»ን ማስተካከል

ይህን ሁልጊዜ ቤንዚን ከበዛበት ወገን ይጀምሩ። ብሎኑን ከመነሻው 1/4 ዙር ወደ ግራ ከፍተው ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻ ይጫኑ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ አያቆዩት። ድምፁ «ብር ብር ብር» እያለ የተቆራረጠና የሚንተከተክ ሊሆን ይገባል። ከዚያ በ1/8 ዙር ወደ ቀኝ እየቀነሱ በየመሐሉ በጥቂት ሰከንድ ያዳምጡ። መንተክተኩ ሊጠፋ ሲል፣ ጨርሶ ሳይጠፋ ያቁሙ።

አሁን በግንድ ላይ ይሞክሩ። ሰንሰለቱ እንጨት ሲነክስ መንተክተኩ ጠፍቶ ድምፁ ጥርት ማለት አለበት፤ ከእንጨቱ ሲወጣ መንተክተኩ በትንሹ መመለስ አለበት። ይህ ትክክለኛው ምልክት ነው። በባዶውም ጥርት ብሎ የሚጮኽ ከሆነ ቤንዚን አንሶታልና በ1/8 ዙር ይክፈቱ። እንጨት ውስጥም የሚንተከተክ ከሆነ ቤንዚን በዝቷልና በ1/8 ዙር ይዝጉ። የሞተር ዙር መለኪያ ያለው ጋራዥ በአቅራቢያዎ ካለ፣ በመመሪያ መጽሐፉ ከተጻፈው ከፍተኛ ዙር አለማለፉን ያስለኩ። በመጨረሻም «ኤልኤ»ን እንደገና ይፈትሹ።

6. ደጋና ቆላ፦ ለሀገራችን አርሶ አደር ልዩ ትኩረት

ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። እንደ አጠቃላይ መለኪያ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ማሽኑ እዚያ 18 በመቶ ያህል ጉልበት ያንሰዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በእንጅባራ አካባቢ ደግሞ አንድ አራተኛ ገደማ ይሆናል። ይህን የጎደለ ጉልበት የትኛውም ብሎን አይመልሰውም። ጉልበቱን ለመመለስ ብለው «ኤች»ን የሚያጠብቁ ከሆነ ያልነበረ ጉልበት ፍለጋ ፒስተንዎን እየከፈሉ ነው።

ሌላው አደጋ ቦታ ሲቀየር የሚመጣው ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ስለዚህ «ኤች»ን በመጠኑ መዝጋት ትክክል ነው። ነገር ግን በደጋ የተስተካከለውን ማሽን 700 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ መተማ ዮሐንስ ለሥራ ቢወስዱት፣ በቆላው ያለው አየር ወፍራም ስለሆነ ያው ብሎን ቤንዚን ያሳንሳል። ሙቀቱ ሲጨመርበት ፒስተኑ በመጀመሪያው ቀን ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ፦

• ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ ገና ከማስነሳትዎ በፊት «ኤች»ን በ1/4 ዙር ወደ ግራ ይክፈቱ፤ ከዚያ በቦታው በክፍል 5.6 መሠረት ያስተካክሉ።
• ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጡ ማሽኑ ሊያጨስና ሊታፈን ይችላል፤ ይህ ሞተሩን አያቃጥለውም። ቦታው ደርሰው ያስተካክሉ።
• ማሽንዎን ለሌላ ሰው ሲያከራዩ ወይም ሲያውሱ የት እንደሚወስደው ይጠይቁ። ይህን አንድ ነገር ሳይነግሩ መስጠት ማሽኑን አሳልፎ እንደ መስጠት ነው።

7. ወደ ጥገና ባለሙያ መውሰድ ያለብዎ መቼ ነው?

በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥኑና የሚስቡ ስስ የጎማ ዲያፍራሞች አሉ። በዕድሜና በቆየ ነዳጅ ምክንያት ይደርቃሉ፣ ይጨማደዳሉ። ብሎኑን ምን ያህል ቢያዞሩት ሞተሩ የማይለወጥ ከሆነ፣ ወይም «ኤች»ን ከ2 ዙር በላይ ካልከፈቱ የማይሠራ ከሆነ ካርቡሬተሩ መፈታት፣ መጽዳትና ዲያፍራሙ መቀየር አለበት። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አይውጉ፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ልኩ ለዘለዓለም ይጠፋል። ኮምፕረሽን የሌለውን፣ ትርፍ አየር የሚያስገባውንና ፍሪሲዮኑ የማይለቀውን ማሽንም ለባለሙያ ይስጡ።

ማሽኑን ከአንድ ወር በላይ የማይጠቀሙበት ከሆነ ጋኑን ያራግፉ፤ ከዚያ አስነስተው በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ አልቆ እስኪጠፋ በሚኒሞ ያሠሩት። ዲያፍራሞቹ እንዳይጣበቁ ከፍተኛ ጥቅም አለው።

8. ማጠቃለያ

መጀመሪያ ሰንሰለቱን፣ ነዳጁን፣ ማጣሪያዎቹንና ካንዴላውን ይፈትሹ። ቀጥሎ ምልክቱን ያዳምጡ። ብሎን የሚነኩት በመጨረሻ፣ በ1/8 ዙር፣ የነበረበትን ጽፈው፣ በሞቀ ሞተር ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ትንሽ ቤንዚን የበዛበት ማሽን ይሻላል፤ ጭስ ያስቸግራል እንጂ ፒስተን አይበላም።

ዛፍ ከመቁረጥና ከማጓጓዝ በፊት ስለሚያስፈልገው ፈቃድ የቀበሌዎን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያማክሩ። ይህን ትምህርት በልማት ቡድንዎ ውስጥ ቼይንሶ ላላቸውና ለሚከራዩ አባላት በተግባር ያሳዩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቼይንሶዎ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ እያወጣ ጉልበት አጣ። መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ለምን?
2. የአየር ማጣሪያው ሳይጸዳ ካርቡሬተር ማስተካከል ምን ጉዳት ያስከትላል?
3. ጎረቤትዎ ማሽንዎን ወደ ቆላ ለመውሰድ ጠየቀዎ። ምን ይነግሩታል? የትኛውን ብሎን፣ ወደ የት፣ በምን ያህል ያዞራል?
4. በባዶው የሚጮኸውና እንጨት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ልዩነት ስለ «ኤች» ምን ይነግረናል? በቡድን ሆናችሁ በአንድ ግንድ ላይ እየሞከራችሁ አዳምጡ።